እኩል ጫፍ፣ እኩል ያልሆነ ድምፅ፦ በኦዳሲቲ ትክክለኛውን መለኪያ መምረጥ

የቃለ መጠይቅ ቅጂ ኦዳሲቲ (Audacity) በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሳቀናብር የጠያቂውም ሆነ የእንግዳው ድምፅ ከፍተኛ ጫፍ (ሞገዱ የሚደርስበት ከፍተኛ ነጥብ) ‎-1 ዴሲቤል ላይ እንዲያርፍ ባደርግም፣ ሲደመጥ ግን የእንግዳው ድምፅ በግልጽ አንሶ ይሰማ ነበር። እንግዳው ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታ በማድረጉ የእሱ ቅጂ ጫፍ የተወሰነው በንግግሩ ሳይሆን በዚያች ቅጽበታዊ ድምፅ ነው፤ የጫፍ መለኪያ ደግሞ ጆሮ በጊዜ ሂደት የሚሰማውን የድምፅ ጉልበት አይነግርም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቅጂ የድምፅ ጉልበትን ማመጣጠኛ የሆነውን ትእዛዝ (Loudness Normalization) ከፍቼ መለኪያውን ኤልዩኤፍኤስ (LUFS፣ ጆሮ የሚሰማውን የድምፅ ጉልበት የሚለካ አሃድ) አደረግሁ፤ ይህ መለኪያ ለተለያዩ ድግግሞሾች የተለያየ ክብደት ስለሚሰጥና ዝምታውን ከስሌቱ ስለሚያወጣ ለንግግር ይበልጥ ይስማማል። የአውሮፓ የስርጭት ደረጃ ‎-23 ቢሆንም፣ በስልክ ለሚደመጥ ፖድካስት የተለመደውን ‎-16 መርጫለሁ። የጠረጴዛው ምት አሁን የዲጂታል ድምፅ ጣሪያ ከሆነው ከ0 ዴሲቤል በላይ ወጣ፤ ኦዳሲቲ ከጣሪያው በላይ ያለውንም ሳይቆርጥ በሚይዘው በ32 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር ስለሚሠራ ግን ድምፁ አልተበላሸም፤ ፋይሉን ከማውጣቴ በፊት በሊሚተር (ጫፎች ከተወሰነ ልክ እንዳያልፉ በሚገድበው መሣሪያ) ወደ ‎-1 መለስኩት።

ከበስተጀርባ ያለውን ጉምጉምታ ለማየት በትራኩ ግራ ያለውን ቋሚ ማስመሪያ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ወደ ዴሲቤል መቀየር ይጠቅማል። ጣሪያው 1 በሆነው በተለመደው ማስመሪያ 0.5 ማለት ‎-6 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ ‎-40 ዴሲቤል ግን 0.01 ብቻ በመሆኑ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል።