የኮሎሞይስኪን የንግድ ክሶች ሳይደበላለቁባችሁ እንዴት ትከታተላላችሁ

የዩክሬኑን ባለሀብት የኢሆር ኮሎሞይስኪን ክስ ማንበብ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ባለሀብት ከባለሀብት የተጣላበትንና ባንክ የድሮ ባለቤቶቹን የከሰሰበትን ለዩ፣ ካልሆነ ግራ ነው የምትጋቡት። ሌላው የዩክሬን ባለሀብት ቪክቶር ፒንቹክ ለንደን ላይ 2013 የከፈተበት ክስ 2016 መጀመሪያ ላይ በስምምነት አልቋል፣ እሱን ቶሎ እለፉት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ዋናው ፕሪቫትባንክ ነው፣ ኮሎሞይስኪ ከባለቤቶቹ አንዱ የነበረበት የዩክሬን ባንክ። ሰውዬው 2014 የዩክሬኑ የድኒፕሮፔትሮቭስክ ክልል ገዥ ተብሎ ተሾመ፣ በዓመቱ ለቀቀ፣ 2016 መጨረሻ ላይ መንግስት ባንኩን ወረሰው፣ ከዛ ባንኩ ራሱ ዞሮ ለንደን ከሰሰውና 2017 ንብረቱ በመላው ዓለም ታገደ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው! እግድ ንብረት እንዳይሸሽ ነው እንጂ ተፈረደበት ማለት አይደለም፣ ፍርዱ ለባንኩ የወጣው ገና 2025 ነው።

ሰነድ ስትፈልጉ ደግሞ የዩክሬን የፍርድ ውሳኔዎች መዝገብ ኦንላይን ክፍት ነው፣ ግን የግለሰብ ስም ደብቆ በቦታው «ሰው_1» እያለ ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ በሰውዬው ስም አትድከሙ፣ በድርጅቱ ስም ፈልጉ። የእንግሊዙ ፍርድ ቤት ውሳኔ ግን ስም አይደብቅም፣ እኔ ብሆን ከሱ ነው የምጀምረው።