ክሪስቲን በካርቶን መለየት

ካራ ያለችው ቤቴ ጣሪያዋ ስለሚያፈስ መጽሐፎቼን የማስቀምጠው በሳሙና ካርቶን ነው። የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን መጽሐፎች ስትለዩ ሽፋን አትመኑ። እኔ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ «ይሄ ሌላ ነው» ብሎ ቢምልልኝ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ ገዛሁ፦ እንግሊዝ «ዴዝ ኢን ዘ ክላውድስ» ያለችውን አሜሪካ «ዴዝ ኢን ዚ ኤር» ትለዋለች። በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ መጽሐፍ!

መጀመሪያ የርዕሱን ገጽ ጀርባ እዩ፤ የኅትመት ዓመቱ፣ አንዳንዴም ሌላው ርዕስ እዚያ አለ። ከተቀደደ ምዕራፍ አንድን አንብቡ፤ ከፓሪስ ወደ እንግሊዝ የሚበር አውሮፕላን ካለ ያው ነው። ከዚያ በመርማሪው፦ ፖይሮ ለብቻ፣ ሚስ ማርፕል ለብቻ። ሜሪ ዌስትማኮት የሚል ብታገኙ አትለፉት፤ ራሷ ክሪስቲ ናት፣ በዚያ ስም ስድስት ልብ ወለድ ጽፋለች። ለእነሱ ካርቶን አልተረፈኝም፤ አልጋ ሥር ናቸው።