የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ አዘገጃጀት፦ ለደሴ ብርድና ለኮምቦልቻ ሙቀት

ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤት ከተሞች ቢሆኑም አንዱ ጋ የሠራ የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ሌላው ጋ ይበላሻል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሙቀትና አቧራ ያስቸግራታል። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ክረምት ላይ ብርዱና ጭጋጉ አያፈናፍንም። ከዚህ በታች ያለው ልክ 100 እንቁላል ጣይ ዶሮ ለሚይዝ 4 በ4 ሜትር ክፍል የተሰላ ነው።

ምን ይጎዝጎዝ?

ከሁሉም የሚመረጠው መላጊያ የሚያወጣው የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ቀላል ነው፣ እርጥበት ይመጥጣል፣ የመጠጠውንም መልሶ ለአየር ይለቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ የተከተፈ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ነው። ሳይከተፍ ከተነጠፈ በሳምንቱ እንደ ሰሌን ተጠላልፎ ይተኛል፤ ከሥሩም ይበሰብሳል። የጤፍ ጭድ ለስላሳና ውሃ የሚመጥ ቢሆንም ብቻውን ቶሎ ይጋገራል፤ ግማሽ በግማሽ ከፍቅፋቂ ጋር ሲደባለቅ ግን ጥሩ ነው። ሰጋቱራ ለአዋቂ ዶሮ ይሆናል፤ ለጫጩት አይመከርም፣ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት ሲወስዱ ምን ሲቆረጥ እንደዋለ ይጠይቁ። የኤም ዲ ኤፍ፣ የቺፕውድና የኮምፔንሳቶ ብናኝ ሙጫ አለበት፤ ለምስጥ መከላከያ መድኃኒት የተቀባ እንጨትም እንደዚያው ለዶሮ አይሆንም። አብዛኛው እንጨት ቤት ሁሉንም ብናኝ አንድ ክምር ላይ ስለሚጠርግ፣ ባሕር ዛፍ ወይም ዋንዛ በሚላግበት ቀን ጆንያ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ጭድ የሚገዛው ከመኸር ውቂያ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ያኔ ደረቅ ነው፣ ይረክሳልም። ደሴ ዙሪያ ባለው ደጋ የበልግ ገብስ የሚታጨደው ክረምቱ ሲገባ ስለሆነ፣ ያ ጭድ ብዙ ጊዜ እርጥበት ይዞ ይከመርና ይሻግታል። ጭዱ ሲነሰነስ ግራጫ ብናኝ ከተነሣ ወይም የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ እጠቀምበታለሁ ብሎ ማሰብ አይገባም። ሻጋታው ቢደርቅም ዘሩ አይሞትም። ጫጩቶች ሲተነፍሱት ሳንባቸው ውስጥ ይበቅላል፤ አፋቸውን ከፍተው ያለ ድምፅ ያለከልካሉ። አንዴ ከያዛቸው የሚያድናቸው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

ማንጠፍ

አሮጌው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ በፀረ ተዋስያን ይረጫል፣ ከዚያም በደንብ ይደርቃል። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ጉዝጓዝ ገና ዶሮ ሳይገባበት ከሥሩ ይበላሻል። የአፈር ወለል ከሆነ ከውጪው መሬት ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ መደልደል አለበት። ኖራ መነስነስ ካስፈለገ ጊዜው አሁን ነው፦ ባዶና ደረቅ ወለል ላይ፣ ከጉዝጓዙ በታች።

ውፍረቱ ለኮምቦልቻ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ለደሴ 10 ይበቃል፤ ደሴ ላይ ከሰኔ በፊት 15 ማድረስ ያስፈልጋል። በዚህ ክፍል 10 ሳንቲ ሜትር ማለት 1.6 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ሳይታጨቅ የተሞላ 12 የኩንታል ጆንያ ገደማ ነው። ለ15ቱ 18 ጆንያ ይወስዳል።

ውሃው በየት ይውጣ?

ጉዝጓዝ የሚበላሸው በአብዛኛው በዓይነቱ ሳይሆን በውሃ ነው። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፤ የምትጠጣው ውሃ የዚያን እጥፍ ያህል ነው። ኩሷ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። 100 ዶሮ በቀን ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ውሃ፣ የጀሪካን ግማሽ፣ በኩስ ብቻ ወለሉ ላይ ያፈሳሉ፤ በትንፋሻቸው የሚያወጡት ሳይቆጠር። ይህ ሁሉ ውሃ ከቤቱ የሚወጣበት ብቸኛ መንገድ አየር ነው።

ደሴ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተትም እዚህ ላይ ነው። ብርዱ ሲበረታ መስኮቱ ሁሉ በላስቲክ ይወተፋል። ውሃው መውጫ ያጣል፤ ሌሊት ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ይቋጥርና ንጋት ላይ ይንጠባጠባል። ጠዋት ጉዝጓዙ ላይ የቆርቆሮውን ሸንተረር ተከትሎ እርጥብ መስመር ከታየ፣ ችግሩ የጉዝጓዝ እጥረት አይደለም፤ ቤቱ ታፍኗል። አዋቂ ዶሮ ላባ ለባሽ ናት፤ ደረቅ ብርድን ትችላለች። የምትታመመው በእርጥበትና ከኩሱ በሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ነው።

መፍትሔው ከጣሪያው ሥር፣ በሁለቱም ረጃጅም ግድግዳዎች፣ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በሽቦ የተሸፈነ ክፍተት መተውና በጭራሽ አለመድፈን ነው። ከዚያ በታች ያለው መስኮት በሸራ ወይም በተሰፋ ማዳበሪያ ይጋረዳል። መጋረጃው የሚመታው ከታች ሆኖ የሚከፈተው ከላይ ወደ ታች መሆን አለበት። ብዙ ቤት ላይ ከላይ ተመትቶ ከታች ይጠቀለላል፤ ያ ሲሆን ቀዝቃዛው ነፋስ በቀጥታ ዶሮዎቹን ይመታል፣ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ደግሞ ጣሪያው ሥር ታስሮ ይቀራል።

ሁለተኛው የውሃ ምንጭ መጠጫው ነው። ጠርዙ ከዶሮዋ ጀርባ ጋር እኩል እንዲሆን በጡብ ወይም በብሎኬት ይነሣ፤ ዝቅ ካለ ይጭሩበታል፣ ያፈሱታል። ከሥሩ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት የተመታበት የእንጨት ፍሬም ቢደረግ የፈሰሰው ጉዝጓዙን ሳይነካ ይወርዳል። ጉዝጓዙ እኩል ሁሉም ቦታ ላይ ከረጠበና ኩሱ ቀጥኖ ከታየ ደግሞ መኖውን ይመርምሩ፤ ጨው የበዛበት መኖ ብዙ ያስጠጣል።

በእጅና በአፍንጫ መፈተሽ

በሳምንት ሁለት ጊዜ ከመጠጫው አጠገብ፣ ከመሐልና ከጥግ አንዳንድ እፍኝ ያንሡና ጨምቀው ይልቀቁ። ትንሽ ተያይዞ ወዲያው ከተፈረካከሰ ልኩ ነው። እንደ ሊጥ ኳስ ሆኖ ከቀረ ረጥቧል። ጭራሽ ካልተያያዘና አቧራ ብቻ ከሆነ ከልክ በላይ ደርቋል።

አሞኒያን ለመለየት ጠዋት በር እንደተከፈተ ገብተው ዶሮዎቹ ከፍታ ላይ ቁጢጥ ይበሉ። ቆሞ ማሽተት ያታልላል፤ ዶሮዋ የምትተነፍሰው ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያለውን አየር ነው። ዓይን ከቆጠቆጠ ለዶሮዎቹ አደገኛ ደረጃ ላይ ደርሷል።

ሽታ ሲመጣ እርጥቡ ጉዝጓዝ ላይ ኖራ ወይም አመድ መነስነስ የተለመደ ነው፤ መተው ያለበት ልማድ ነው። ሁለቱም አሞኒያው ከኩሱ ወጥቶ ወደ አየር እንዲበተን ያደርጋሉ፤ ሽታው በዚያው ሰሞን ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የሚሠራው የተጋገረውን ቆርጦ ማውጣት፣ ቤቱን ማናፈስና በቦታው ደረቅ ጉዝጓዝ መጨመር ነው።

ማገላበጥ በመንሽ ነው፤ አካፋ ይጠቀጥቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ደሴ በክረምት በየሁለት ቀኑ፣ ሁልጊዜም ረፋድ ላይ መስኮት ተከፍቶ። ማታ የተገላበጠ ጉዝጓዝ የለቀቀውን አሞኒያ ሌሊቱን ሙሉ ዶሮዎቹ ይተነፍሱታል። እንደ ቂጣ ተጋግሮ የጠነከረውን ሰብሮ ከማደባለቅ አውጥቶ መጣል ይበጃል።

ኮምቦልቻ ላይ ከበጋው አቧራ የከፋው ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ነው። ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ዕንቁላሎች ሞቃትና እርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ በአንድ ሁለት ቀን በሽታ ለማስያዝ ይደርሳሉ። በተለይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉት ላይ ኩስ ውስጥ ደም ከታየ፣ ላባቸውን ነፍተው ከተኮራመቱ፣ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። የዚህ በሽታ መድኃኒት የሆነው አምፕሮሊየም በውሃ ይሰጣል፤ ነገር ግን እርጥቡ ጉዝጓዝ ሳይወጣ መድኃኒት ብቻ መስጠት በሽታውን ደጋግሞ መጥራት ነው። አቧራው ሲበዛ በመርጫ ስስ ውሃ ማርከፍከፍ ይበቃል።

ለጫጩት

ፍቅፋቂ ወይም የተከተፈ ጭድ 5 ሳንቲ ሜትር። ጫጩት መኖን ከሰጋቱራ ስለማትለይ ትለቅመዋለች፣ ማንቁርቷም ይደፈናል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጉዝጓዙን በሻካራ ወረቀት ሸፍነው መኖውን እዚያው ላይ ይበትኑ። የሚያንሸራትት ወረቀት እግራቸውን ለሁለት ይከፍተዋልና አይጠቀሙ።

ሥራ ይስጧቸው

ዶሮ ቀኑን ሙሉ መጫርና መልቀም ተፈጥሮዋ ነው። የምትጭረው ካጣች ወደ ጓደኛዋ ላባ ትዞራለች፤ አንዴ ደም ከታየ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ ምንቃር ወደ መቁረጥ ከመሄድ በፊት ይህን ይሞክሩ፦

ከሰዓት በኋላ ለ100 ዶሮ ግማሽ ኪሎ ያህል ስንዴ ወይም ማሽላ ጉዝጓዙ ላይ ይበትኑ። እየጫሩ ሲፈልጉ ጉዝጓዙንም ያገላብጡታል፤ የመንሹ ሥራ ይቀንሳል። ጥቅል ጎመን በገመድ በራሳቸው ከፍታ ይንጠልጠል። ቆጥ ለአንድ ዶሮ 15 ሳንቲ ሜትር ታስቦ፣ ጠርዙ ከተከረከመ የ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ይሠራ፤ ደሴ ላይ ሌሊቱን ከወለሉ እርጥበት ስለሚያርቃቸው ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። የሚንከባለሉበት ሣጥን ደግሞ 1 ሜትር በ1 ሜትር ሆኖ፣ ደረቅ አፈርና አሸዋ ከጥቂት የማገዶ አመድ ጋር ይሞላበት። አመድ ቦታው እዚህ ነው፤ ቅማልና ቁንጫን ለማራገፍ ይረዳቸዋል። ሣጥኑን ክረምት ላይ ጣሪያው ከማይንጠባጠብበት ጎን ያኑሩት።

ሲወጣ

ዶሮዎቹ ሲሸጡ ጉዝጓዙም አብሮ ይውጣ፤ ለቀጣዮቹ ማቆየት በሽታ ማውረስ ነው። ትኩሱ ኩስ ተክል ያቃጥላል። 1 ሜትር ከፍታ ከምረው፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ በላስቲክ ሸፍነው በየሁለት ሳምንቱ ቢያገላብጡት በሁለት ወር ገደማ ለጎመንና ለድንች የሚሆን ማዳበሪያ ይወጣዋል። ለከብት መኖ ግን አይስጡት፤ የሞተች ዶሮ ቅሪት ከገባበት ከብቱን ሽባ አድርጎ የሚገድል መርዝ ሊይዝ ይችላል።