ለዕረፍት ስትሄዱ ጥንቸላችሁን እንዴት ትታችሁ ትሄዳላችሁ?

ትኬቱ ተቆርጧል። ሐምሌ፣ አዲስ አበባ፣ ሦስት ሳምንት። ሻንጣዎቹ ሳሎን ተዘርግተው በጫማና በቫይታሚን እየሞሉ ነው። ያኔ ልጄ መጣችና "ቡላስ?" አለችኝ።

ቡላ ጥንቸላችን ነው። ሁለት ኪሎ ምናምን ይመዝናል፣ ቀለሙም ልክ እንደ ስሙ ነው። እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ብዙም አላሳሰበኝም። ድርቆሽ ከምሬለት፣ ውሃ ሞልቼለት፣ አንድ ሰው በሦስት ቀን አንዴ ብቅ ይልለታል ብዬ ነበር። ጥንቸል አይደል እንዴ! እንደኔ የሚያስብ ሌላ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፈው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ ምሳሌዬ ሁሉ ከዚያ ነው።

መጀመሪያ፦ ይሂድ ወይስ ይቅር?

ይቅር። ጥንቸል ሌሎች እንስሳት አድነው የሚበሉት ፍጥረት ነው። አዲስ ቦታ፣ አዲስ ሽታና ጩኸት ያስደነግጠዋል፤ ሲደነግጥ መብላት ያቆማል፤ መብላት ሲያቆም ደግሞ አንጀቱ ሥራ ያቆማል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው። እኛ አንድ ቀን ብንጾም ምንም አንሆንም፣ እሱ ግን 12 ሰዓት ያህል ምንም ካልቀመሰ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው በሽተኛ ነው። ማስመለስ እንኳ አይችልም፣ ተፈጥሮው አይፈቅድለትም።

በዚያ ላይ ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ባብዛኛው ከመንገደኛው ጋር የሚያስገቡት ውሻና ድመት ብቻ ነው። አላስካና ፍሮንቲር በአገር ውስጥ በረራ ላይ ጥንቸል ይቀበላሉ፣ እሱም ቢሆን በአንድ በረራ የሚገባው የእንስሳ ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደውላችሁ ማስያዝ አለባችሁ። በዕቃ ክፍል ይጫን የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ለሦስት ሳምንት ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ማመላለስ ደግሞ ለራሱም ለእናንተም ቅጣት ነው።

ሁለት ወር ሲቀረው፦ ሐኪም ቤት

ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ጥንቸል አያይም። ስትደውሉ "ኤግዞቲክ (ከውሻና ከድመት ውጪ ያሉ የቤት እንስሳት) ታያላችሁ ወይ? ጥንቸልስ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሌሊት ክፍት ሆኖ ጥንቸል የሚያይ ቦታም ፈልጉ፣ ምክንያቱም ችግር የሚመጣው ሁልጊዜ እሁድ ማታ ነው።

ጥርሱን ያዩላችሁ። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፣ ከተጣመመ ደግሞ እየራበው እንኳ አይበላም። ጥፍሩንም ያስቆርጡለት።

ከዚያ ክትባቱ። አርኤችዲቪ2 የሚባል የጥንቸል ቫይረስ አለ፤ ጉበት ያደማል፣ ብዙ ጊዜም ምልክት ሳያሳይ ይገድላል። በ2020 በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በዱር ጥንቸሎች ላይ ታየና ተስፋፋ። "የኔ ከቤት አይወጣም" አትበሉ፣ በጫማም፣ በድርቆሽም፣ በዝንብም ይገባል። አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት መርፌ ነው፣ በመካከሉ ሦስት ሳምንት አለ፤ ከሁለተኛው በኋላም ሙሉ ለሙሉ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ደምሩት፣ አምስት ሳምንት ነው። "ሁለት ወር ሲቀረው" ያልኩት ለዚህ ነው።

ሰው መፈለግ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም ተሳስቼ አውቃለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ለአራት ቀን ስንሄድ አንድ የእንስሳት ማቆያ ሰጠነው። ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹም ትሁት ናቸው። ግን ከግድግዳው ማዶ ውሾች ሲጮኹ ይውላሉ። በየቀኑ እደውላለሁ፣ "በጣም ጨዋ ነው፣ አንድ ቦታ ዝም ብሎ ይቀመጣል" ይሉኛል። እኔም ደስ ይለኛል! ለካ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጥንቸል ጨዋ ሳይሆን በሽተኛ ነው። ስንመለስ ድርቆሹ አልተነካም፣ የሚጸዳዳበት ሳጥን ውስጥ ያለው በጠጥ የሰናፍጭ ፍሬ አክሏል። ከዚያው በቀጥታ ሐኪም ቤት። የከፈልነውን አልናገርም፣ ባለቤቴ እስካሁን ያነሳዋል።

ስለዚህ ምርጫዬ እሱ እቤቱ ሆኖ ሰው ጠዋትና ማታ ቢመጣለት ነው። ይሄ ካልሆነ፣ ውሻና ድመት የሌለበት ሰው ቤት ከነሳጥኑና ከነምንጣፉ ይሂድ። ማቆያ የመጨረሻው ነው፤ እሱንም ከመረጣችሁ ጥንቸል ለብቻው የሚያኖሩትን ፈልጉ። ሁለት ካሏችሁ አትለያዩዋቸው።

ሰውየው የእንስሳ ወዳጅ ባይሆንም ግድ የለም፣ ቀጠሮ አክባሪ ይሁን እንጂ። እኛ ያገኘነው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው፣ እትዬ እንላቸዋለን። ስጠይቃቸው መጀመሪያ ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ለጥንቸል ሞግዚት?" ግን በሕይወታቸው ሰዓት አሳልፈው አያውቁም።

ልምምድ

ከጉዞው አንድ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቅዳሜና እሁድ ለሞግዚቱ ተዉለትና ከቤት ጥፉ። ጥያቄው ሁሉ ያኔ ይመጣል። ለእኔ የመጣው ስልክ ይሄ ነበር፦ "ኧረ ልጄ፣ የራሱን ኩስ እየበላ ነው፣ አበደ መሰለኝ!"

አላበደም። ጥንቸል ሁለት ዓይነት ኩስ አለው። አንዱ ደረቅና ክብ ነው። ሌላው እንደ ትንሽ የወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ነገር ነው፤ እሱን ከምንጩ ተቀብሎ መልሶ ይበላዋል፣ ቫይታሚኑን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ለእትዬ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና "ለዚህ ነዋ ኦሪት ዘሌዋውያን ያመሰኳል የሚለው" አሉኝ። ምዕራፍ 11 ላይ አለ። ከዚያ በኋላ አልደነገጡም።

በልምምዱ ቀን አያያዝም አሳዩ። በጆሮ ማንሳት የለም! እንዲያውም ካላስፈለገ አያንሱት፣ በአየር ላይ ሲፈራገጥ የራሱን አከርካሪ ሊሰብር ይችላል።

ምግቡን መመጠን

ዋናው ድርቆሽ ነው፣ ጢሞቲ የሚባለው። በቀን የራሱን ቁመና የሚያክል ክምር ይበላል፣ ለሦስት ሳምንት አስቡትና ከዚያ ጨምራችሁ ግዙ። ዕድሜው ከስድስት ወር ካለፈ አልፋልፋ አታብዙበት፣ ካልሲየሙ ይበዛበታል። ፔሌቱን (ተጨምቆ እንደ ፍሬ የተሠራውን የጥንቸል ምግብ) ግን በየቀኑ ከፋፍላችሁ በትንንሽ ከረጢት ዝጉት። ቡላን ለሚያክል ጥንቸል በቀን ቢበዛ ሩብ ኩባያ ነው። በጆንያ ከተዋችሁት እንግዳ ተቀባዩ ሰው እየዛቀ ይሰጠዋል፣ እሱም ድርቆሹን ይተዋል።

የኛ ሰው ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፣ ብቻውን የሚበላ ፍጥረት ሲያይ ያዝናል። እትዬ እንጀራ በሽሮ ሊያጎርሱት እንደሚችሉ ገምቼ አስቀድሜ ተናገርኩ። እንጀራም ዳቦም አንጀቱን ያውከዋል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶና ቸኮሌት መርዝ ናቸው። ካሮት ስኳር ስለሆነ ቁራጭ ይበቃዋል። የድንብላል ቅጠል ሲያገኝ ግን በደስታ ይዘላል።

ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ገጽ ሙሉ መመሪያ አትጻፉ፣ ማንም አያነበውም። የኔ ይሄው፦

"ጠዋትና ማታ ይምጡልኝ። ድርቆሹ ባያልቅም አዲስ ይጨምሩ። ፔሌት ጠዋት ብቻ፣ አንድ ከረጢት። ውሃው በሳህን ነው፣ ይቀይሩት። ከዚያ ሳጥኑን ይዩ። በጠጡ ትልልቅና ክብ ከሆነ ደህና ነው። ካነሰ፣ ከደቀቀ ወይም ከጠፋ እስከ ነገ አይጠብቁ፣ ለሐኪሙ ይደውሉ። ጉርሻ ክልክል ነው። ኤሲው አይጠፋም።"

ከሥሩ የሐኪሙ፣ የሌሊቱ ሐኪም ቤትና የእኛ ስልክ።

ፎቶም ጠይቁ፣ የጥንቸሉን ሳይሆን የሳጥኑን። ቆንጆ ፎቶ ላይ የታመመ ጥንቸልም ቆንጆ ነው። ጠዋት ይላኩላችሁ፤ በሐምሌ የቨርጂኒያ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ቡና ላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ማታ ከላኩት ግን ሌሊት ይቀሰቅሳችኋል።

ለሐኪም ቤቱ ደግሞ አጭር ደብዳቤ ስጡ፦ እኛ በሌለንበት እኚህ ሰው ሊያሳክሙት ይችላሉ፣ እስከዚህን ያህል ገንዘብ ድረስ ሳትጠይቁን አክሙ፣ ካርዳችን ይሄ ነው። እናንተ ባሕር ዳር መንገድ ላይ ኔትወርክ አጥታችሁ ሞግዚቱ መስኮት ላይ ቆሞ እንዳይለማመጥ።

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ነገር፦ ከቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን ለጥንቸል በአፍ አይሰጥም። የአንጀቱን ጥሩ ባክቴሪያ ይጨርስና ይገድለዋል። ለውሻና ድመት ቁንጫ የሚቀባው ፊፕሮኒልም እንደዚሁ ለሱ አደገኛ ነው።

ሙቀቱ

ባለቤቴ ከቤት ስንወጣ ኤሲውን ሊያጠፋው እጁን ዘርግቶ ነበር። "ሦስት ሳምንት ለማን ነው የሚሠራው?" ለቡላ ነዋ! ጥንቸል አያልበውም፣ ሙቀት የሚያስወጣው ባብዛኛው በጆሮው ነው። ከ80 ፋራናይት በላይ ሲሆን ይጨነቃል፣ የቨርጂኒያ ሐምሌ ደግሞ 90 ሲያልፍ ማንም አይገርመውም። 72 ላይ አድርጋችሁ ሂዱ። መብራት ቢጠፋ ብላችሁ ሁለት ሦስት የውሃ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ተዉ፤ በፎጣ ተጠቅልሎ አጠገቡ ሲቀመጥለት ተደግፎት ይተኛል። ገመዶቹን ሰብስቡ፣ የቻርጀር ገመድ ለሱ ሥር ነው።

በመኪና የግድ ከሆነ

ለአጭር መንገድ ይቻላል። ጠንካራ ካሪየር (የእንስሳ መያዣ ሳጥን)፣ ሥሩ ፎጣ፣ ውስጡ የተትረፈረፈ ድርቆሽ፣ ውሃ ያለው ቅጠል። ካሪየሩ የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ይታሰር። የሚያስተኛ መድኃኒት ያለ ሐኪም አትስጡት። በቆማችሁ ቁጥር ውሃ አቅርቡለት፣ ነዳጅ ስትቀዱም ቢሆን አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ፣ በቆመ መኪና ውስጥ በደቂቃዎች ያልቅለታል።

ስትመለሱ

ጀርባውን ይሰጣችኋል። ቡላ እኔን ሲያይ ዞሮ ግድግዳ አየ፣ በኋላ እግሩም መሬቱን ደበደበ። ተዉት፣ ሁለት ቀን ነው። እናንተ ሳጥኑን እዩ።

እትዬ ገንዘብ አልቀበልም ብለው ተቆጡኝ። ስለዚህ ከሄድኩበት ሁለት ኪሎ በርበሬ፣ ሽሮና ጥቁር አዝሙድ ይዤላቸው መጣሁ፤ ለዚያም ከሻንጣው የወጣው የባለቤቴ ጫማ ነው።