የአንጎላን የ1992 ምርጫ ስናነሣ ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጦርነት ማግስት ስለሚደረግ የመጀመሪያ ምርጫ ሲወራ አንጎላ መነሣቷ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም ስለ አማፂው የዩኒታ ንቅናቄ መሪ «ሳቪምቢ ተሸነፉና ጦርነት ከፈቱ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አነጋገር የእውነቱን ግማሽ እንኳ አይዝም።

የመጀመሪያው ስህተት አሸናፊውን መሳት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 እና 30 ቀን 1992 በተሰጠው ድምፅ ፕሬዚዳንት ዶስ ሳንቶስ 49.57 በመቶ፣ የዩኒታው መሪ ጆናስ ሳቪምቢ 40.07 በመቶ አገኙ። ሕጉ ከግማሽ በላይ ስለሚጠይቅ ሁለተኛ ዙር ግድ ነበር። በግልጽ ያሸነፈው ከ220 የፓርላማ መቀመጫዎች 129ኙን የያዘው የዶስ ሳንቶስ ገዢ ፓርቲ ኤምፒኤልኤ ነው። ሁለቱ ምርጫዎች ሲደባለቁ የፕሬዚዳንቱ ፉክክር ገና አለማለቁ ይረሳል።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል፤ እርሱም ለምርጫው የተሰጠውን ምላሽ ከመግለጫ ብቻ መፈለግ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ተወካይ ማርጋሬት አንስቲ ምርጫው በአጠቃላይ ነጻና ፍትሐዊ መሆኑን ያስታወቁት ኦክቶበር 17 ቀን ነው። የዩኒታ ጄኔራሎች ግን በወሩ መጀመሪያ፣ ይፋዊ ውጤት ሳይነገር፣ መንግሥትና ዩኒታ ተዋሕደው እንዲያቋቁሙት ከታሰበው አዲስ የጋራ ጦር ወጥተው ነበር። እውነተኛው ምላሽ ያ ነበር። የጋራ ጦሩ በምርጫው ዋዜማ በስም ተመሠረተ እንጂ የሁለቱ ወገን ታጣቂዎች አብዛኞቹ ትጥቅ ፈትተው አልተበተኑም፤ ይህን ሁሉ እንዲከታተሉ የተላኩት ወታደራዊ ታዛቢዎች 350 ያህል ብቻ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ምርጫ ባደረገችው በሞዛምቢክ ግን ከ6000 በላይ የሰላም አስከባሪ ወታደር ነበር፤ አብዛኛው ታጣቂም ከምርጫው በፊት ተበትኗል። የአገሪቱ የቀድሞ አማፂ ቡድን የሬናሞ መሪ አፎንሶ ድላካማ በምርጫው ዋዜማ «ወጥቻለሁ» ቢሉም ተመልሰው ተወዳደሩ፤ ፓርቲያቸውም በ112 መቀመጫ ፓርላማ ገባ። ከምርጫ መውጣት ሁልጊዜ ወደ ጫካ መመለስ ማለት አይደለም።

ጥፋቱን በሳቪምቢ ላይ ብቻ መከመርም ልክ አይደለም። ማጭበርበር ተፈጽሟል ብለው ጦራቸውን ማንቀሳቀሳቸው ከባድ በደል ነው፤ ይህን አላቃልልም። ነገር ግን በኦክቶበር መጨረሻ ሉዋንዳ ውስጥ ውጊያ ሲፈነዳ የመንግሥት ፖሊሶችና የታጠቁ ሲቪሎች የዩኒታ ደጋፊ ያሉትን ሁሉ በየሰፈሩ እያደኑ ገድለዋል። የዩኒታ ምክትል ሊቀ መንበር ጄሬሚያስ ቺቱንዳ የተገደሉትም ከከተማዋ ለመውጣት ሲሞክሩ ነው። ይህን ዘልሎ የሚተርክ ሰው ለሙታኑ ግማሽ አያዝንም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ሕዝቡ ለዴሞክራሲ አልደረሰም» የሚለው ፍርድ ነው። ከተመዘገበው መራጭ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ወጥቶ በሰላም ድምፁን ሰጥቷል። ጦርነቱ ያበቃው ሳቪምቢ ከተገደሉ በኋላ በ2002 ነው፤ ሁለተኛው ዙር ሳይካሄድ ቀረ፤ ያ ሕዝብም እንደገና ድምፅ ለመስጠት እስከ 2008 ጠበቀ።