የፊትቢት እርምጃችሁንና ሩጫችሁን በኤአይ ኤጀንት እንዴት ታወጣላችሁ?

ፊትቢት እርምጃና ሩጫ የሚመዘግብ የእጅ ሰዓት ነው፤ የስልክ መተግበሪያው የዛሬን እርምጃ ለማየት ጥሩ ነው። «ባለፉት ሦስት ወራት ከሥራ ቀናት በየትኞቹ ብዙ ተራመድኩ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ጣታችሁ ስክሪኑ ላይ ሲንሸራተት ይውላል። ይህን ዓይነት ሥራ ለኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም በቃል ስታዙት ሌሎች ፕሮግራሞችን ተጠቅሞ ሥራ ለሚሠራ ኤአይ፣ መስጠት ይቻላል።

ኤጀንቱ ግን እጃችሁ ላይ ያለውን ሰዓት አያይም። ሰዓቱ በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል፣ ስልኩ ወደ ፊትቢት ሰርቨር። ኤጀንቱ የሚያነበው ከሰርቨሩ ነው፤ ለዚህም በመሃል የሚያገናኝ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በአሁኑ ጊዜ የተለመደው አማራጭ ኤምሲፒ ይባላል። የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ያወጣው፣ ኤአይን ከሌሎች ፕሮግራሞችና መረጃዎች ጋር የሚያገናኝ ክፍት ስታንዳርድ ነው፣ ዛሬ ሌሎችም ይጠቀሙበታል።

መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ የፊትቢት መተግበሪያን ከፍታችሁ ሲንክ አድርጉ፣ ማለትም የሰዓቱ መረጃ ወደ ሰርቨሩ እንዲተላለፍ አድርጉ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «ኤጀንቱ የዛሬን ሩጫ አላገኘውም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠረጠረው ይኼ ነው።

ቀጥሎ በፊትቢት የዴቨሎፐሮች ገጽ ላይ የራሳችሁን መተግበሪያ አስመዝግቡ። ስም፣ አጭር መግለጫና የመመለሻ አድራሻ (ፈቃድ ከሰጣችሁ በኋላ ብሮውዘሩ የሚመለስበት አድራሻ) ይጠይቃል። አድራሻው የምትጭኑት መሣሪያ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ በፊደል ሳይለያይ ቅዱት። የመተግበሪያውን ዓይነት «ፐርሰናል» በሉት። ይህ ምርጫ የራሳችሁን አካውንት ብቻ ያስነብባል፣ በደቂቃ የተከፋፈለውን ዝርዝርም ይከፍትላችኋል። ስትጨርሱ መለያ ቁጥርና ሚስጥራዊ ቁልፍ ይሰጣችኋል። ቁልፉን ቻት ውስጥ አትለጥፉት። ቦታው የመሣሪያው የማስተካከያ ፋይል ነው።

አሁን መሣሪያውን ምረጡ። እነዚህ መሣሪያዎች የኤምሲፒ ሰርቨር ይባላሉ፤ ለፊትቢት የተሠሩት ብዙዎቹ ግለሰቦች ሠርተው ጊትሃብ በሚባለው የፕሮግራም ኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ የለቀቋቸው ናቸው። ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ፦ ምን ፈቃድ ይጠይቃል፣ መረጃውንስ ወዴት ይልካል? በአንድ ጠቅታ የሚያገናኙ የኦንላይን አገልግሎቶችም አሉ። ይቀላሉ፣ ግን ቁልፋችሁ እነሱ ጋር ይቀመጣል። እኔ በራሴ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን እመርጣለሁ።

መሣሪያውን ስታስነሱ ብሮውዘር ይከፈትና ፈቃድ ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እንቅስቃሴ፣ የልብ ምት፣ እንቅልፍ፣ ክብደት፣ የቦታ መረጃ ለየብቻ ይዘረዘራሉ። እርምጃ ለመቁጠር የመጀመሪያው ይበቃል። በተለይ የቦታ መረጃን ያለ ምክንያት አትስጡ። የሩጫ ካርታ ቤታችሁ የት እንደሆነ ይናገራል። በ2018 መጀመሪያ ላይ ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ የሩጫ ካርታ የጦር ሰፈሮችን ሳይቀር አሳይቶ ስንት ወሬ እንደተነሳበት ታስታውሱ ይሆናል።

ከዚያ ጠይቁ። «ስለ ጤንነቴ ምን ታያለህ?» ብሎ መጀመር አያዋጣም፤ ኤጀንቱ ሳያጣራ አሳምሮ ያወራል። በዚህ ፈንታ፦ «ከሴፕቴምበር 1 እስከ 30፣ 2025 ያለውን የየቀኑን እርምጃ በሠንጠረዥ አምጣ። ትንታኔ አትጨምር» በሉት። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ስጡት። «የመስከረም ወር» ካላችሁት ከሴፕቴምበር 1 ሊጀምር ይችላል፣ የእኛ መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 11 ነው። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ሰርቨሩ 06:15 ብሎ የጻፈው ሩጫ ለእኛ ከጠዋቱ 12:15 ነው። ኤጀንቱ በአማርኛ ሲመልስ «ከጠዋቱ 6 ሰዓት» ካለ አትደንግጡ፣ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንዲጽፍ እዘዙት።

ሠንጠረዡ ሲመጣ ሁለት ሦስት ቀን መርጣችሁ ከመተግበሪያው ጋር አስተያዩ። ርቀቱ ካልገጠመ ማይልና ኪሎ ሜትር ተደባልቀው ይሆናል፤ መለኪያው የሚወሰነው መሣሪያው ጥያቄውን በሚልክበት የቋንቋ ምርጫ ነው። ዜሮ የሆኑ ቀናትንም ለዩ። ሰዓቱን ያላሰራችሁበት ቀን ዜሮ ሆኖ ይመጣና አማካዩን ያወርደዋል።

አንድ ሌላ የሚያምታታ ነገር አለ። ፊትቢት የዕለቱን ድምርና የተመዘገበ እንቅስቃሴን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። እናንተ «ጀምር» ሳትሉት በራሱ የሚመዘግበው፣ ማስተካከያውን ካልቀየራችሁ፣ 15 ደቂቃና ከዚያ በላይ የቆየውን ነው። እስከ ታክሲ ተራ ያለችው የአምስት ደቂቃ መንገድ እርምጃው ውስጥ ትቆጠራለች፣ የተመዘገቡት እንቅስቃሴዎች ዝርዝር ውስጥ ግን አትገኝም። ስለዚህ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የፈለጋችሁት የትኛውን እንደሆነ ለኤጀንቱ ለይታችሁ ንገሩት።

ሥራው በመሃል ከቆመ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ፊትቢት ለአንድ ተጠቃሚ በሰዓት 150 ጥያቄ ብቻ ይፈቅዳል። ኤጀንቱ የአንድን ዓመት እርምጃ ቀን በቀን እየጠየቀ ከሆነ ኮታውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ዓመቱን በአንድ ጥያቄ እንዲያመጣ ንገሩት፣ ሰርቨሩ ይፈቅዳል። ሁለተኛው የመግቢያ ቶክን ነው፣ ማለትም ፈቃድ ስትሰጡ መሣሪያው የሚቀበለው ጊዜያዊ የመግቢያ ቁልፍ፤ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ 8 ሰዓት ነው። ደህና መሣሪያ ራሱ ያድሰዋል። ካላደሰው የፈቃዱን ገጽ እንደገና ማለፍ ነው።

መጠቀም ስታቆሙ መሣሪያውን ከኮምፒውተር መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። ወደ ፊትቢት አካውንታችሁ ገብታችሁ ፈቃድ ከሰጣችኋቸው መተግበሪያዎች ዝርዝር ውስጥም አውጡት።