ምስጢራዊ ቁጥር እጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?

ከአሮጌ ኮት ኪስ፣ ከፎቶ ጀርባ ወይም ከአያት ሣጥን ውስጥ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ብታገኙ ደሴ ላይ መጀመሪያ የሚደርሳችሁ ሳቅ ነው። ቡና ላይ ካወጣችሁት አንዱ "ሎተሪ ነው፣ ቶሎ ቁረጥ" ይላል። ሌላው "ደውልበትና ማን እንደሚያነሣ እንይ" ይላል። "አብሽር፣ ይኼማ የሸህ ሁሴን ጅብሪል ትንቢት ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይፈታል" የሚልም አይጠፋም። የወሎ ሰው ጨዋታ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያንን ወረቀት የጻፈው ሰው ሊያስቀምጥ የፈለገው ነገር ነበረው። ያንን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ቀልዱ ጉዳት አለው፤ "ስልክ ቁጥር ነው" ሲባል አንዴ ከሰማችሁ ዓይናችሁ ሌላ ነገር ማየት ያቆማል። ስለዚህ ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ሥራውን ጀምሩ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሡ። ከዚያ በእጃችሁ ገልብጡት፣ ግን እንዳለ። ክፍተቱም፣ ሰረዙም፣ ነጥቡም፣ የተሰረዘውም አይቅር። ብዙ ሰው ቁጥሮቹን አጋጥሞ በአንድ መስመር ይጽፋቸውና ዋናውን ፍንጭ ራሱ ያጠፋዋል። ወረቀቱ የት እንደነበረና ከምን ጋር እንደተገኘም ጻፉ። ከደረሰኝ ጋር የተቀመጠ ቁጥርና ከደብዳቤ ጋር የተቀመጠ ቁጥር አንድ ዓይነት ነገር አይነግሩም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ቁጥሩ በየትኛው አጻጻፍ ነው? የእኛ አገር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቁርአን ቤት የተማሩ አባቶች በዐረብኛ አሃዝ ይጽፉ ነበር። የዐረብኛው 5 ክብ ስለሆነ የእኛን ዜሮ ይመስላል፣ 6ቱ 7ን ይመስላል፣ ዜሮው ደግሞ ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው "ዜሮ የበዛበት ምስጢር" ይዞ ሲደክም ይውላል። ቤተ ክህነት የተማሩት ደግሞ በግዕዝ ቁጥር ይጽፋሉ፤ እዚያ ዜሮ የሚባል የለም። ፲፱፻፷፮ ብታገኙ አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት ነው፣ ማለትም 1966። 786 ብቻውን በወረቀት ራስጌ ላይ ካያችሁ ደግሞ ፍለጋውን እዚያው አቁሙ። በአብጀድ ስሌት፣ ማለትም እያንዳንዱ የዐረብኛ ፊደል የራሱ ዋጋ በሚኖረው ቆጠራ፣ የቢስሚላህ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ድምር ነው።

አሁን ተራ የሆኑትን ነገሮች አስወግዱ። ምስጢር ከሚመስሉት ቁጥሮች ብዙዎቹ ምስጢር አይደሉም። ሦስት ቁጥር በሰረዝ ከተለያየ ቀን ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ከ30 የማይበልጥ፣ መካከለኛው ከ13 የማይበልጥ ከሆነ የእኛን አቆጣጠር ሞክሩ፤ መካከለኛው 13 ከሆነ ጳጉሜን ነው። 31 የሚል ካለ ግን የእኛ አይደለም፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሂዱ። ስድስት አሃዝ ብቻ ከሆነና ወረቀቱ አሮጌ ከሆነ የድሮ የደሴ ስልክ ሊሆን ይችላል። አሁን ከፊት 033ና አንድ ሌላ አሃዝ ገብተው አሥር አሃዝ ሆኗል። አሥራ አምስት አሃዝ ከሆነ የሞባይል መለያ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ ባለው አሮጌ ቀፎ ላይ *#06# ብላችሁ አስተያዩት።

ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ሁለት ነገር ጨምሩ። ባቲና ሚሌ የሚወጣው የጭነት መኪና ሁሉ ጎማው ላይ አራት አሃዝ አለው፣ 2319 ቢል በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ይህን ማንኛውም ጎሚስታ ያሳያችኋል። ደረቅ ወደቡ አካባቢ የተገኘ ወረቀት ደግሞ አራት የላቲን ፊደል፣ ስድስት አሃዝ፣ ከዚያ ለብቻው አንድ አሃዝ ካለው የኮንቴይነር ቁጥር ነው። የመጨረሻዋ አሃዝ የቀደሙት በትክክል መጻፋቸውን መፈተሻ ናት።

ይህ ሁሉ ካልሆነ እንግዲህ በእርግጥ ኮድ ይዛችሁ ይሆናል። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይኼ ነው።

የባግዳዱ ሊቅ አል ኪንዲ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማረው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። የቱ ምልክት ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠሩ። በማንኛውም ቋንቋ አንዳንድ ፊደል ከሌላው ይበዛል፣ ቁጥር ቢለብስም መብዛቱ አይደበቅም። ለአማርኛ ግን ከዚህ የሚቀል መንገድ አለን፣ ምክንያቱም ፊደላችን ራሱ ሰንጠረዥ ነው። 33 ረድፍ ወደ ታች፣ 7 ዓምድ ወደ ጎን። ስለዚህ የፊደል ገበታ ተሰቅሎበት የተማረ ሰው ኮድ ልሥራ ቢል እጁ የሚሄደው ወደዚያ ነው፣ ረድፉን ይጽፍና ዓምዱን ያስከትላል።

እንበልና ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ 92 26 322 44 246 105 116።

አትቸኩሉ። የእያንዳንዱን የመጨረሻ አሃዝ ለብቻ አውጡ፦ 2፣ 6፣ 2፣ 4፣ 6፣ 5፣ 6። ከ7 የሚበልጥ የለም፣ ዜሮም የለም። ቀሪውን እዩ፦ 9፣ 2፣ 32፣ 4፣ 24፣ 10፣ 11። ከ33 የሚበልጥ የለም። ሌላም አለ፤ ከመጨረሻ አሃዞቹ ብዙ ጊዜ የመጣው 6 ነው፣ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚበዛው ሳድስ፣ ማለትም ስድስተኛው ዓምድ ነው። ሦስቱም ሲገጥሙ ልባችሁ መምታት አለበት። አሁን ከሀ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ዘጠነኛው ረድፍ ቀ፣ ሁለተኛው ዓምድ ካዕብ፣ ቁ። ሁለተኛው ረድፍ ለ፣ ስድስተኛው ዓምድ፣ ል። ሠላሳ ሁለተኛው ፈ፣ ካዕብ፣ ፉ። ቁልፉ! የቀረውን ራሳችሁ ጨርሱት፤ ማድቤት ይላል። ቁጥሩን ሲያይ "ሎተሪ ነው" ያለው ሰው አጠገባችሁ ቢኖር አሁን ወረቀቱን ከእጃችሁ ይነጥቃል።

ስትቆጥሩ ሐንና ኀን፣ ሠንና ሰን፣ ዐንና አን አትዝለሉ፣ አንዱን ከዘለላችሁ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይዛባል። የማይነበብ ነገር ከወጣ ወዲያው አትተዉት፤ በአበገደ ቅደም ተከተል ደግሞ ሞክሩ። የቤተ ክህነት ሰው የጻፈው ከሆነ ያ የተሻለ ዕድል አለው።

ቁጥሩ 7777 33 555 2 6 ዓይነት ከሆነ፣ አንዱ አሃዝ እየተደጋገመ፣ የድሮ የስልክ ቁልፍ ነው። ቁልፉ በተጫነው ልክ ፊደሉ ይለወጣል። ይህኛው በላቲን ፊደል "ሰላም" ይላል።

ቁጥሮቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ከመጡስ? ገጽ፣ መስመር፣ ቃል ሊሆኑ ይችላሉ፣ የመጽሐፍ ኮድ ማለት ነው። እዚህ ላይ ጭንቅላት ብቻውን አይረዳም፣ መጽሐፉ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በ1885 በታተመ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ላይ የወጡት፣ የቢል ኮዶች የሚባሉት ሦስት የቁጥር ወረቀቶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛው የተፈታው የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ቃላት በቁጥር ተከታትለው ሲቆጠሩ ነው፤ ሁለቱ ዛሬም እንደተዘጉ ናቸው። ስለዚህ የቤቱን ሰው "ያኔ ቤት ውስጥ የነበረው መጽሐፍ የቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ዳዊት ሊሆን ይችላል፣ የአራተኛ ክፍል መማሪያ ሊሆን ይችላል። ዋናው እትሙ አንድ መሆኑ ነው፤ እትሙ ከተለየ ገጹም መስመሩም አይገጥምም።

አጠያየቃችሁ ላይም ተጠንቀቁ። "እማማ፣ ይህ ምን ይመስልዎታል?" ካላችሁ ቀልድ ነው የምትጋብዙት። "ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?" በሉ። ለዚህ ጥያቄ ማንም አይቀልድም፤ መነጽር ይፈለጋል፣ ወረቀቱ ወደ መስኮት ይጠጋል፣ ስም ይጠራል። ከስሙ በኋላ ሥራው፣ ትምህርቱ፣ የነበረበት ከተማ ይመጣል። ሾፌር ነበር ወይስ መሪጌታ? ያ ብቻ ከላይ ካሉት መንገዶች ግማሹን ያስቀርላችኋል።

"ደውልበት" የሚለውን ምክር ግን እባካችሁ አትስሙ። በኮከብ (*) ጀምሮ በመሰላል (#) የሚያልቅ የማታውቁት ቁጥር የእናንተን ጥሪ ወደ ሌላ ሰው ስልክ ሊያዞር ይችላል። ቁጥሩ በአጭር መልእክት የመጣ ከሆነ ደግሞ የሚፈታ ነገር የለውም። የቴሌግራም ወይም የባንክ መግቢያ ኮድ ነው፣ "በስህተት ወደ አንተ ተልኮብኝ ነው፣ ላክልኝ" ለሚል ሰው በፍጹም አትስጡ።

አራት አሃዝ ብቻ ያለው ወረቀት ሲገጥማችሁ ብዙ አትድከሙ። ያን ያህል አጭር ቁጥር የፈለጋችሁትን ሁሉ ይላል፣ የቁልፍ ቁጥርም የቤት ቁጥርም ሊሆን ይችላል፣ የትኛው ትክክል እንደሆነ ማረጋገጫ የለም። ፖስታ ውስጥ ክተቱት። ከላዩ ላይ የተገኘበትን ቦታና ቀን፣ የሞከራችሁትን፣ የጠየቃችሁትን ሰው ስም ጻፉ። ሌላ ወረቀት በዚያው እጅ ተጽፎ ሲገኝ ከዚያ ትቀጥላላችሁ።